አፍና ድምፅ ሲጣሉ፦ የሁለት ሰዓቶች ታሪክ

የዛሬው ክፍል መነሻ ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። «ቪዲዮውን ስቆርጥና ስቀጥል ደህና ነበር። ሬንደር ሆኖ ሲወጣ ግን አፉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ሆነ። ምን ላድርግ?» ትላላችሁ። ሠርግ ቀርጾ ያቀናበረ፣ ለትምህርት ቤት ሥራ የአያቱን ታሪክ በስልክ የቀዳ፣ ከቁም ሳጥን ያወጣውን የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገባ፣ ሁሉም እዚችው ቦታ ላይ ይደናቀፋል።

ምን ማድረግ እንዳለባችሁ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ታሪኩን ላውራችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ችግር የኮምፒውተር ችግር አይደለም። ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ፣ ዕድሜው 130 ዓመት ያለፈ ችግር ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው መፍትሔውን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ራሱ ያገኘዋል። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር በምንጠቀምበት አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ በአጭሩ ይኼ ነው፦ ቪዲዮ ውስጥ ምስልና ድምፅ አንድ ነገር ሆነው አያውቁም። ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሁለቱ ሰዓቶች ሲስማሙ «ሰውየው ተናገረ» እንላለን። ሲለያዩ ደግሞ አንድ ሰው አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላ ሰው ከጀርባው የሚያወራ ይመስላል። እዚህ በዕብራይስጥ «ሲንክሩን» የምንለው፣ በአጭሩ «ሲንክ» የሚባለው፣ የእነዚህ የሁለት ሰዓቶች ስምምነት ነው።

ዓይን ይቅር የሚለው፣ ዓይን ይቅር የማይለው

ከጆሮና ከዓይናችን እንጀምር። መብረቅ መጀመሪያ ብልጭ ይላል፣ ነጎድጓዱ ኋላ ይከተላል። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጓዘው። በጎንደር ገጠር ያደጉ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ከማዶ ኮረብታ ላይ እንጨት የሚፈልጠው ሰውዬ፣ መጥረቢያው ከወረደ በኋላ ነው «ኳ!» የሚለው ድምፅ የሚደርሳችሁ። ማንም በዚህ አይገረምም። አእምሯችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድምፅ ዘግይቶ ሲመጣ ስለለመደ ይቅር ይላል።

ድምፅ ከምስሉ ቀድሞ ሲመጣ ግን ይቅር አይልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ የለማ! ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው መመሪያ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ይህንኑ ያሳያል። ድምፅ በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ ተመልካች ያስተውለዋል። ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ላያስተውለው ይችላል። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊ ሰከንድ ነው። በሰከንድ 25 ምስል በሚያሳይ ቪዲዮ አንዷ ምስል፣ ማለትም አንዷ ፍሬም፣ የምትቆየው 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ድምፁ አንድ ፍሬም ብቻ አለፍ ብሎ ከቀደመ ሰው ይነቃል፤ ሦስት ፍሬም ቢዘገይ ግን ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱን ስታገጥሙ ከተጠራጠራችሁ ድምፁን በጣም በጥቂቱ አዘግዩት እንጂ አታስቀድሙት።

ሌላም ነገር አለ። ሲግድ ላይ አርሞን ሃናጺቭ ቆማችሁ፣ ከ50 ሜትር ርቀት በስልካችሁ አቅርባችሁ አንድ ሰው ሲናገር ቀረጻችሁ እንበል። ድምፁን የቀዳው የስልኩ ማይክሮፎን ከሆነና በአጠገባችሁ ድምፅ ማጉያ ከሌለ፣ ያ ድምፅ እናንተ ጋ የደረሰው ከሰከንድ አንድ ሰባተኛ ያህል ዘግይቶ ነው። አራት ፍሬም ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሬንደር አላበላሸውም፣ ስልኩም አላበላሸውም። የመንገዱ ርዝመት ነው። ከሩቅ ያየነውን በቅርብ አድርገን ስናሳይ ዓይን «ቅርብ ነው» ይላል፣ ጆሮ «ሩቅ ነው» ይላል።

አንድ መቶ ዓመት የተለያዩት

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ፣ ወደ ኒው ጀርሲ። ጊዜው 1894 መጨረሻ ወይም 1895 መጀመሪያ ነው። በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ የሚሠራው ዊሊያም ዲክሰን በአንድ ትልቅ የድምፅ መቀበያ ቀንድ ፊት ቆሞ ቫዮሊን ይጫወታል። ከጎኑ ሁለት ወንዶች ይደንሳሉ። ካሜራው ምስሉን ይቀርጻል፤ ቀንዱ ደግሞ ድምፁን በሰም ሲሊንደር ላይ ያስቀርጻል። እስካሁን ተጠብቀው ከተገኙት መካከል ምስልና ድምፅ አብረው የተቀረጹበት የመጀመሪያው ሙከራ ይኼ ነው። ርዝመቱ 17 ሰከንድ ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሁለቱ ተለያዩ። ፊልሙ በአንድ መዝገብ ቤት ተቀመጠ፣ ሲሊንደሩ በሌላ ቦታ። ፊልሙን ያየ ሰው ድምፅ የለውም። ሲሊንደሩ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ተሰብሮ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጠግኖ ድምፁ እንደገና ተቀዳ። ከዚያም በ2000 ታዋቂው የፊልም አቀናባሪ ዋልተር መርች ሁለቱን በኮምፒውተር አገጣጠማቸው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ፊልሙ የተቀረጸው በሰከንድ 40 ገደማ ፍሬም ነው፤ የዛሬው መሣሪያ ደግሞ 24ን ወይም 30ን ነው የሚያውቀው። ድምፁም ከምስሉ በጣም ይረዝማል። ስለዚህ ሁለት ነገር መታወቅ ነበረበት፦ ከየት እንደሚጀምርና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልኝ። ከየት ይጀምራል? በምን ፍጥነት ይሄዳል? የሲንክ ችግር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ገመድ፣ ሸክላና ጥቁር ፍሬም

ኤዲሰን በ1913 «ኪኒቶፎን» የሚባል መሣሪያ ለሕዝብ አቀረበ። ፕሮጀክተሩ ከተመልካቹ ኋላ፣ ድምፅ ማጫወቻው ደግሞ ከፊት በመጋረጃው በኩል ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በአዳራሹ ውስጥ የተዘረጋ ረጅም ገመድ ነው። ገመድ እኮ ይለጠጣል! ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው እጁ ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ አፍና ድምፅ ይለያያሉ፣ ተመልካቹም ይስቃል። መሣሪያው ብዙ አልቆየም።

ከዚያ «ቫይታፎን» መጣ። ዋርነር ብራዘርስ በ1926 «ዶን ሁዋን» የሚለውን ፊልም በሙዚቃ አጅቦ ያሳየበት፣ በጥቅምት 1927 ደግሞ «ዘ ጃዝ ሲንገር»ን ያቀረበበት ዘዴ ነው። ሁለተኛው ፊልም ለእኛ ቅርብ ነው። የሐዛን ልጅ፣ አባቱ በምኩራብ እንዲዘምር ሲፈልግ እሱ ጃዝ ልዝፈን ይላል። ፊልሙ ውስጥ ኮል ኒድሬ ይሰማል። የሲኒማን ዓለም ወደ ድምፅ ዘመን የገፋው ፊልም በአባትና በልጅ መካከል ስላለ የድምፅ ጠብ የሚያወራ መሆኑ ይገርመኛል።

ግን ያ ድምፅ ፊልሙ ላይ አልነበረም። ሸክላ ላይ ነበር። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ሸክላ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ እየዞረ፣ አንድ ጥቅል ፊልም የሚያልቅበትን 11 ደቂቃ ያህል ይጫወታል። ፕሮጀክተሩና ሸክላ ማጫወቻው በአንድ ሞተር ይነዱ ስለነበር ፍጥነታቸው አንድ ነው። መነሻውም ተወስኗል፤ ፊልሙ ላይ የመጀመሪያው ፍሬም ምልክት አለው፣ ሸክላው ላይም መርፌው የሚቀመጥበት ቦታ በቀስት ተመልክቷል። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አግኝተዋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ፊልም ይበጠሳል። ሲበጠስ የተበላሹትን ፍሬሞች ቆርጠው ጥለው ጫፉን ከጫፍ ይቀጥሉታል። ሸክላው ግን ምንም አልተቆረጠበትም። ከዚያች ከተቀጠለችው ቦታ በኋላ ድምፁ እስከ ጥቅሉ መጨረሻ ይዘገያል። መድኃኒቱ ምን ነበር? በተጣሉት ፍሬሞች ልክ ጥቁር ፍሬም መክተት። አምስት ፍሬም ከተቆረጠ አምስት ጥቁር ፍሬም ይገባል። ተመልካቹ ለአፍታ ጨለማ ያያል፣ ቀሪው ግን ይድናል። ይህችን ጥቁር ፍሬም አትርሷት፤ ኋላ ቪኤችኤስ ላይ ስንደርስ ትመለሳለች።

የሸክላው ዘመን አጭር ነበር። ድምፁን ራሱ ፊልሙ ላይ፣ ከምስሉ ጎን በቀጭን መስመር በብርሃን የመጻፍ ዘዴ አሸነፈው። ሊ ዲ ፎረስት በ1923 ለሕዝብ አሳይቶታል፤ ፎክስ «ሙቪቶን» በሚለው ስም ይዞት ወጣ። ምስልና ድምፅ በአንድ ፕላስቲክ ላይ ከሆኑ ፊልሙ ቢቆረጥ ሁለቱም አብረው ይቆረጣሉ። አንድ መንገድ፣ አንድ ሰዓት። የፊልም ፍጥነት በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ የረጋውም በዚህ ዘመን ነው። ድምፅ አልባው ፊልም በእጅ ይዞር ስለነበር ትንሽ ቢፈጥን፣ ትንሽ ቢዘገይ ግድ አልነበረም። ድምፅ ሲጨመር ግን ፍጥነት የተለወጠ እንደሆነ የሰውየው ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ለምስሉ ቋሚ ሰዓት ያስገደደው ጆሮ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። በዚያ ፊልም ላይ ድምፁ ከራሱ ምስል አጠገብ አልነበረም። 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ ነበር የሚታተመው። ምክንያቱም ምስል ሲታይ ፊልሙ በብርሃኑ ፊት ለቅጽበት መቆም አለበት፤ ድምፅ ሲነበብ ግን ሳይቆም ወጥ ሆኖ መሄድ አለበት። በአንድ ቦታ ቆሞም ሄዶም አይቻልም። ስለዚህ ሆን ብለው አለያይተው አተሙት፣ ፕሮጀክተሩ ላይ እንዲገናኙ።

አንድ ጭብጨባ

ቀረጻ ላይ ግን ካሜራና ድምፅ መቅጃ እስከ ዛሬ ሁለት መሣሪያ ናቸው። ሁለቱን በኋላ ለማገናኘት የተፈጠረው ዘዴ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፦ ያ ባለ ነጭና ጥቁር መስመር ሰሌዳ፣ ክላፐር። እንጨቱ ሲዘጋ በምስሉ ላይ የምትታይ አንዲት ፍሬም አለች፤ በድምፁ ላይም አንድ «ጧ!» አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ «ከየት ይጀምራል?» ለሚለው መልስ አገኛችሁ። ሰሌዳ ከሌላችሁ እጃችሁን አንዴ አጨብጭቡ፣ በቃ።

ጭብጨባ ግን ፍጥነቱን አይነግራችሁም። የዛሬ መቅጃዎች ሰዓታቸው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አንዱ ሰዓት ከሚሊዮን በ20 ቢሳሳት በአንድ ሰዓት ቀረጻ ውስጥ 72 ሚሊ ሰከንድ፣ ሁለት ፍሬም ሊሞላ የቀረበ ልዩነት ይሆናል። ለዚህ ነው ረጅም ቃለ መጠይቅ ስትቀርጹ መጨረሻም ላይ አንድ ጭብጨባ ጨምሩ የምለው። የመጀመሪያው ጭብጨባ መነሻውን ይሰጣችኋል፤ ሁለተኛው ፍጥነቱን።

3.6 ሰከንድ ከየት መጣች?

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያብድባት ቁጥር ደርሰናል። ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮግራም ውስጥ 29.97 የሚል አይታችኋል። ለምን 30 አይሆንም?

በ1953 አሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥንን ደረጃ አጸደቀች። ትልቁ ጭንቀት በየሰው ቤት ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እንዳይጣል ነበር። ስለዚህ የቀለሙን ምልክት በአሮጌው ምልክት ውስጥ አስገቡት። ግን የቀለሙ ምልክትና የድምፁ ምልክት እርስ በርስ እየተነካኩ ምስሉ ላይ የሚታይ ብጥብጥ ሊፈጥሩ ሆነ። መፍትሔው የምስሉን ፍጥነት ከሺህ አንድ ያህል መቀነስ ሆነ። 30 የነበረው 29.97 ሆነ። ልብ በሉ፦ ድምፅና ምስል አየር ላይ እንዳይጋጩ ተብሎ የተደረገ ነገር ነው ዛሬ በኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያጋጫቸው!

ከሺህ አንድ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በአንድ ሰዓት 3.6 ሰከንድ ይሆናል። 29.97 የሆነውን 30 ነው ብሎ ፕሮግራሙ ካነበበው፣ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ምስሉ ከድምፁ ይርቃል። 23.976 እና 24 መካከልም ልዩነቱ ያው ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዚህ ብለው በእያንዳንዱ ደቂቃ ሁለት የፍሬም ቁጥር እየዘለሉ ይቆጥራሉ፣ በየአሥረኛው ደቂቃ ብቻ ሳይዘሉ። ቁጥሩ ነው የሚዘለለው፣ ምስሉ አይደለም።

እዚህ እስራኤል፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ፣ የተጠቀምነው «ፓል» የሚባለውን ደረጃ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ቁርጥ ያለ ቁጥር። የእኛ ካሴቶች አብዛኞቹ 25 ናቸው። ግን ከእኛ ቤት ስንቱ ዘመዱ አሜሪካ አለ! ከዋሽንግተን የተላከ የሠርግ ካሴት 29.97 ነው። ሁለቱን በአንድ ታይምላይን ላይ ስታስቀምጡ ፕሮግራሙ ያንዱን ፍጥነት ወደ ሌላው መተርጎም አለበት። ፊልሞችም ተመሳሳይ ዕጣ ነበራቸው። 24 ፍሬም የነበረው ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን በ25 ይታይ ስለነበር የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ያጥር ነበር፤ የተዋናዮቹም ድምፅ ትንሽ ይቀጥን ነበር።

44100፦ ከቪዲዮ ካሴት የወጣ ቁጥር

የድምፅም ሰዓት የራሱ ታሪክ አለው። ዲጂታል ድምፅ ማለት በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠር ልኬት ነው። ሲዲ በ1982 ሲወጣ በሰከንድ 44100 ልኬት ይዞ ወጣ። ለምን እንዲህ ያለ ጎዶሎ ቁጥር? በጊዜው ያን ሁሉ ልኬት መያዝ የሚችለው ርካሹ መሣሪያ የቪዲዮ ካሴት መቅጃ ነበር። ድምፁን እንደ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አድርገው በቪዲዮ መስመሮች ላይ ጻፉት። በአሜሪካው ደረጃ 245 መስመር፣ በየመስመሩ 3 ልኬት፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፤ አባዙት፣ 44100። በእኛው ፓል 294 መስመር፣ 3 ልኬት፣ 50 ጊዜ፤ ያው 44100። ሙዚቃ ቁጥሩን የወረሰው ከቪዲዮ ነው ማለት ነው።

የቪዲዮ ሥራ ግን 48000ን መረጠ፤ ለ24ም፣ ለ25ም፣ ለ30ም ያለ ትርፍ ይካፈላልና። በ25 ፍሬም እያንዳንዷ ፍሬም በትክክል 1920 ልኬት ይደርሳታል። ዛሬ ጥሩ ፕሮግራም አንዱን ወደ ሌላው ራሱ ይቀይራል። ግን ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ፣ ለምሳሌ 44100 ሆኖ የተቀዳው እንደ 48000 ከተነበበ፣ የአንድ ሰዓት ንግግር በ55 ደቂቃ ያልቃል፤ አያታችሁም እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ ይናገራሉ። ይህን ከሰማችሁ ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ስልኩ ሰዓቱን ሲለዋውጥ

እስካሁን ያየናቸው ሰዓቶች ቢሳሳቱ እንኳ ወጥ ሆነው ነው የሚሳሳቱት። ስልክ ግን አመል አለው። ክፍሉ ሲጨልም ለእያንዳንዷ ፍሬም ብዙ ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል የፍሬሞቹን ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። «30» ብሎ የጻፈላችሁ ቪዲዮ አንዳንድ ቦታ 30፣ አንዳንድ ቦታ 24 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ይኼ ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ይባላል። ከዙም የተቀዳና ከስክሪን የተቀረጸም እንዲሁ ነው። ስልኩ ራሱ ሲያጫውተው አይሳሳትም፤ እያንዳንዷ ፍሬም መቼ እንደምትታይ ጽፎ ይዟልና። ኤዲት ማድረጊያው ፕሮግራም ግን የሚያስበው እንደ 1927 ፕሮጀክተር ነው፤ ፍሬሞች እኩል ርቀት ይዘው እንዲሰለፉ ይፈልጋል። ያን ጽሑፍ በደንብ ካላነበበው ድምፁ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ስትሠሩ ደህና ሆኖ ሬንደር ላይ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ያላ፣ ወደ ሥራው

አሁን ቃሌን ልጠብቅ። ቪዲዮው ሲበላሽ ቶሎ ብላችሁ ድምፁን ወዲያና ወዲህ አትግፉ። መጀመሪያ በሽታውን ለዩ። ሬንደር የሆነውን ፋይል ገመድ ባለው የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ብሉቱዝ ራሱ ድምፅ ያዘገያል፤ ጤነኛውን ፋይል በሽተኛ ያስመስላል። በሌላ ማጫወቻና በሌላ መሣሪያም ሞክሩት። ከዚያ ሦስት ቦታ እዩ፦ መጀመሪያው፣ መሃሉና መጨረሻው። አፍ በግልጽ የሚዘጋበትን ቦታ፣ «በ» እና «መ» የሚባልበትን፣ ወይም ጭብጨባን ፈልጉ።

ልዩነቱ በሦስቱም ቦታ እኩል ከሆነ የመነሻ ችግር ነው። ድምፁን በዚያው ልክ ግፉት፤ አለቀ።

ልዩነቱ እየቆየ እኩል እየጨመረ ከሄደ የፍጥነት ችግር ነው። ድምፁን መግፋት አያድነውም፤ መጀመሪያውን ስታስተካክሉ መጨረሻው ይበላሻል። አስሉት። በሰዓት 3.6 ሰከንድ ከሆነ የ29.97 እና የ30 ጉዳይ ነው። በሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ከሆነ የ24 እና የ25። አምስት ደቂቃ ያህል ከሆነ የ44100 እና የ48000። ከሰከንድ በታች ጥቂት ከሆነ የሁለት መቅጃዎች ኳርትዝ ነው። የመጨረሻው ከሆነ የድምፁን ፍጥነት በዚያች ጥቂት መቶኛ ለውጡ፤ ጆሮ አይሰማውም። ሌሎቹ ከሆኑ ግን ድምፁን አትጎትቱ፤ ፋይሉ በተሳሳተ ቁጥር እንዲነበብ ያደረገውን ቅንብር አርሙ። የፕሮጀክቱን የፍሬም ፍጥነት ደግሞ ፊልሙን ከማስገባታችሁ በፊት ወስኑ። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ለምሳሌ ፊልሙ ከገባ በኋላ ያን ቁጥር መለወጥ አይፈቀድላችሁም።

ልዩነቱ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ተለዋዋጩ ፍጥነት ነው። የስልኩን ፋይል ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይሩት። ሃንድብሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት የሚለውን ምርጫ ምረጡና 25 ወይም 30 ስጡት። ከዚያ በተቀየረው ፋይል ሥሩ። ዋናውን ግን አታጥፉት።

ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ዘልሎ ከዚያ በኋላ ባለበት የሚረጋ ከሆነ፣ በተለይ ከቪኤችኤስ የተቀዳ ከሆነ፣ ፍሬም ጠፍቶበታል። ካሴቱ ላይ ምስልና ድምፅ በአንድ ፕላስቲክ ላይ ናቸው፤ እዚያ አይጣሉም። የሚጣሉት ሲቀዱ ነው። ቴፑ የተሸበሸበበት ቦታ ሲደርስ ቀጂው መሣሪያ ፍሬሞች ይጥላል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። የቫይታፎን የተበጠሰ ፊልም ማለት ነው! መድኃኒቱም ያው የድሮው ነው። የዘለለበትን ቦታ ፈልጉ፣ እዚያ ላይ ቁረጡ፣ የጎደለውን ያህል ምስሉን አቆዩት ወይም ጥቁር ሙሉበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይስተካከላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ምልክቱን የሚያረጋጋ መሣሪያ መሃል አድርጎ እንደገና መቅዳት ነው፤ ምስሉንና ድምፁንም በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ጊዜ። ድምፁን ለብቻ በሌላ መቅጃ አትውሰዱ። ሁለት ሰዓት አትፍጠሩ።

ለምን ይኼን ሁሉ እንደምለፋበት

አንዳንዱ «ሁለት ፍሬም ነው፣ ምን ይሆናል?» ይለኛል። ለዘፈን ክሊፕ ከሆነ ምንም አይሆን ይሆናል። እኛ ቤት ግን ካሴት ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው። ከጎንደር ተነስቶ በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው የሚናገረው ነው። ከ14000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ የመጣበትን የ1991ን ዘመቻ ሰሎሞን ያየ ሰው የሚናገረው ነው። በ1984 የ40 ዓመት ሰው የነበረ ዛሬ ከ80 አልፏል። ብዙዎቹ ደግሞ የሉም። ድገሙልን አንላቸውም።

ከእናንተ መካከል አማርኛውን ወይም ትግርኛውን በደንብ የማይሰማ አለ፤ ከታች የዕብራይስጥ ጽሑፍ እያነበበ ነው የሚያየው። እሱ ቃሉን አይደለም የሚሰማው፤ ፊቱን ነው የሚያነበው። አያቱ አንድ ስም ጠርተው ዝም ሲሉ፣ ያ ዝምታ ከፊታቸው ጋር መግጠም አለበት። ድምፁ ግማሽ ሰከንድ ከቀደመ ዝምታው የሚወድቀው አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ባለበት ላይ ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚያየው የሚያዝን ሰው ሳይሆን የተበላሸ ቪዲዮ ነው። ይስቃል፣ ወይም ያልፈዋል። ሽማግሌ የተናገረውን ሳንነካ አስተላለፍን ለማለት ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ በሰዓቱ መድረስ አለበት።

የዲክሰን ቫዮሊን ከምስሉ ጋር እንደገና የተገናኘው ሁለት ነገሮች ስለተጠበቁ ነው፦ ፊልሙ አልተጣለም፣ የተሰበረውም ሲሊንደር አልተጣለም። ሰው ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ጠበቁት። የእናንተ የቪኤችኤስ ካሴት ግን አንድ መቶ ዓመት አይጠብቅም። መግነጢሱ ይደክማል፣ ማጫወቻውም ከገበያ ጠፍቷል። እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቁም ሳጥኑን ክፈቱ። ካሴቱን አውጡ፣ ጀርባው ላይ ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጻፉ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጠይቃችሁ። ቅዱት። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳትነኩ በሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ ኤዲት የምታደርጉት በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን። ሲንኩ ቢበላሽ ይስተካከላል፤ እንዴት እንደሚስተካከል ዛሬ ሰምታችኋል።